ከጠገራ ብር እስከ ቴሌብር፦ መክፈያው ጋ የምንቆመው ለምንድን ነው?

ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌያለሁና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ልትጠይቀኝ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ድረስ መጣች። የሒሳብ አያያዝ አስተምሬያታለሁ። አሁን የልጆች ጫማ በኢንተርኔት ትሸጣለች። ገና ቡናው ሳይፈላ፣ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነው የመጣሁት» አለችኝ። «ሰው ገጼ ላይ ይገባል፣ ጫማ ይመርጣል፣ ቅርጫት ውስጥም ይከታል። መክፈያው ጋ ሲደርስ ግን ይጠፋል። ጫማው ላይ ያፈሰስኩት የእማዬን የዕቁብ ብር ነው። እስከ ሰኔ ካልተስተካከለ እዘጋዋለሁ።»

እኔ የድረ ገጽ ባለሙያ አይደለሁም። መግዛት ግን አያቅተኝም። «እስቲ እኔ ልግዛ፣ አንቺ ዝም ብለሽ እዪኝ» አልኳት። ለልጅ ልጄ የሚሆን ጫማ መረጥኩ። ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቤ የሚያስቆመኝን ነገር ሁሉ መመዝገብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ «ይመዝገቡ» አለኝ። ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል። ከዚያ የይለፍ ቃል። ቃሉ ቁጥር ስለሌለው አልተቀበለውም። እንደገና ሞከርኩ። ከዚያ በስልክ የሚመጣ ኮድ ጠብቅ አለኝ። ኮዱ ዘገየ። ሲመጣ ተመለስኩ፣ ቅርጫቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ጫማውን ድጋሚ ፈለግኩ። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ከዚያም ፖስታ ኮድ ጠየቀኝ። (እኔ ሰፈር ፖስታ ኮዱን የሚያውቅ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ!) የማድረሻ ዋጋው ብቅ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተሰጠኝ፤ ገልብጬ ወደ ባንኩ መተግበሪያ ሄድኩ፣ ከፈልኩ፣ የደረሰኙን ፎቶ አንሥቼ ተመለስኩና ጫንኩት። በመጨረሻ «ክፍያዎን አረጋግጠን እናሳውቅዎታለን» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ወረቀቴን ቆጠርኩ። 13 ጊዜ ቆሜያለሁ። ለአንድ ጥንድ የልጅ ጫማ!

«ይኼን ሁሉ መቆሚያ ማን አስቀመጠው?» ብዬ ጠየቅኳት። አቀርቅራ፣ «እኔው ነኝ። አንዴ ሰው ፎርጅድ ስክሪን ሾት ልኮ ሦስት ጫማ ወሰደብኝ። ከዚያ በኋላ ጠበቅ አደረግኩት። ደግሞ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን? ገንዘብ የሚነካ ዕቃ አይንካ፣ ሁሉም ነገር በማስረጃ ይሁን ብለው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እሱን ነው። በዚያ ቀን መልስ አልነበረኝም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነገሩን በታሪክ በኩል አሰብኩት። እናንተም እዩትና ፍረዱኝ።

እንጀምር ከአራዳ። በአፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የሚከፈለው በጠገራ ብር ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ የትም ቦታና መቼም ጊዜ ቢመታ 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት የተጻፈበት። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 1000 ብር ያለው ነጋዴ 28 ኪሎ ተሸክሟል ማለት ነው። ዝርዝር ሲያስፈልግ ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው አለ፤ ጥይትም እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር።

ታዲያ ያኔ ክፍያ ማለት መቁጠር ብቻ አልነበረም። ሻጩ ብሩን አንድ በአንድ ያገላብጣል። የንግሥቲቱ ዘውድና የትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ጎልተው መታየት አለባቸው። ከተፋቀ አይቀበልም። አሞሌውም ጠርዙ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። በዛሬ ቋንቋ ስንናገረው በእያንዳንዱ ብር ላይ «ክፍያዎን እያረጋገጥን ነው» እንደማለት ነው።

ምኒልክ ይኼን መንገድ ለማሳጠር ሞክረዋል። በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር ከነዝርዝሩ ፓሪስ ውስጥ አስመቱ። በ1898 ዓ.ም. ደግሞ የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሆኖም ብዙው ሕዝብ፣ በተለይ ከከተማ ራቅ ያለው፣ የለመደውን ጠገራ ሙጥኝ አለ። አዲሱ ሳንቲም ለመያዝ ይቀላል፣ ለመክፈልም ይመቻል። ሰው ግን ገና አላመነውም። ጠገራውን ከገበያ ለማስወጣት በ1937 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብ አዋጅና ከዚያ በኋላ የነበሩ ዓመታት አስፈልገዋል።

ከዚህ የወሰድኩት ይኼን ነው፦ መንገዱ የሚረዝመው ሰው ሥራ ስለሚወድ አይደለም። እያንዳንዱ መቆሚያ የአንድ ጥርጣሬ መልስ ነው። ጥርጣሬውን ሳታነሣ መቆሚያውን ብቻ ብታነሣ ሰው ራሱ ሌላ መቆሚያ ይሠራል።

አሁን ወደ ልጅነቴ ልውሰዳችሁ። ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ከቤታችን አራት አጥር አልፎ አንድ ሱቅ ነበር። ባለሱቁን ጋሽዬ ነበር የምንላቸው። እናቴ ትልከኛለች። «ጋሽዬ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳርና አንድ ክብሪት ብላለች እማዬ» እላለሁ። እሳቸው ይመዝናሉ፣ በጋዜጣ ይጠቀልላሉ፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አውርደው ደብተሩ ላይ ይጽፋሉ። በቃ! ገንዘብ የለ፣ ፊርማ የለ፣ «ስምህ ማነው?» የለ። እየሮጥኩ እመለሳለሁ።

ከዚያ ያጠረ የመክፈያ መንገድ እስከ ዛሬ አላየሁም። አሜሪካኖቹ በኋላ ሊቅ የተባሉበትን ነገር ጋሽዬ በእርሳስ ይሠሩት ነበር።

ነገር ግን ያ አጭር መንገድ በነጻ የመጣ አይደለም። ጋሽዬ ቤታችንን ያውቁታል። አባቴ መቼ ደመወዝ እንደሚቀበል ያውቃሉ። እድር ላይ ከአባቴ ጋር ይቀመጣሉ። ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያጓትት፣ ማን ቤት ሊቀይር እንዳሰበ ሁሉ ያውቃሉ። ጥያቄው ሁሉ አስቀድሞ ተጠይቆ አልቋል። ለዚያ ነው እኔ ባንኮኒው ፊት ስቆም የሚጠይቁኝ ነገር ያልነበራቸው። የጥንቃቄውን ሸክም ከእኔ ላይ አንሥተው በራሳቸው ጭንቅላትና በደብተራቸው ተሸክመውታል።

ይኼን ቃል ያዙልኝ። የጥንቃቄው ሸክም።

ከዚያ ደርግ መጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ ቀበሌዎችም ተቋቋሙ። ከቀበሌው ጋር የኅብረት ሱቅ መጣ። ዘመኑን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። ስኳር ገባ ሲባል ሰፈሩ ይሯሯጣል። ሌሊት ተነሥቶ ሰልፍ መያዝ ነው፤ ሰው ሲደክመው በቦታው ድንጋይ ወይም ዘንቢል አስቀምጦ ይሄዳል። ካርዱ ይታያል፣ የቤተሰቡ ቁጥር ይታያል፣ ምልክት ይደረጋል። አንዱ ጋ ትጻፋለህ፣ ሌላው ጋ ትከፍላለህ፣ ሦስተኛው ጋ ደረሰኝ አሳይተህ ትቀበላለህ።

ለፍትሐዊነቱ ልናገር፤ የኅብረት ሱቁ ዓላማ ዕቃው ጥቂት በሆነበት ጊዜ ለሁሉም እንዲዳረስ ነበር። ሦስቱ መስኮቶችም ያለ ምክንያት አልመጡም። አንድ ሰው ገንዘቡንም ዕቃውንም ከያዘ ሊሰርቅ ይችላል፤ ለሁለት ሦስት ከከፈልከው እርስ በርስ ይጠባበቃል። በሶቪየት ኅብረትም ሱቆቹ እንዲሁ ነበሩ፦ መጀመሪያ ዕቃውን ትመርጣለህ፣ ካሸር ጋ ሄደህ ትከፍላለህ፣ በደረሰኙ ተመልሰህ ትረከባለህ። ዛሬም መድኃኒት ቤት ስትሄዱ የምታዩት ይኼንኑ ነው። እኔም በክፍል ውስጥ «የውስጥ ቁጥጥር» እያልኩ ያስተማርኩት ይኼንኑ ነው።

አሁን ግን አንድ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ታየኝ። ሱቁ የሚጠረጥረው ሠራተኛውን ነው። የሚመላለሰው ግን ማነው? ደንበኛው! የጥንቃቄው ሸክም ሱቁ ትከሻ ላይ መሆን ሲገባው በገዢው እግር ላይ ተጫነ። በኅብረት ሱቅ ዘመን ገዢው ይችለው ነበር፤ ሌላ መሄጃ አልነበረውማ። የኔ ተማሪ ደንበኛ ግን ስልኩን አውራ ጣቱ ላይ ይዟል። አንዴ ካሰለቸችው ሄዷል።

በሌላው ዓለም የሆነውን እንይ። በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ክላረንስ ሳንደርስ የሚባል ነጋዴ በ1916 እ.ኤ.አ. ፒግሊ ዊግሊ የሚባል ሱቅ ከፈተ። እስከዚያ ድረስ ገዢው ባንኮኒ ፊት ቆሞ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ሠራተኛው ያመጣለታል። ሳንደርስ ዕቃውን በመደርደሪያ ላይ ገልጦ ዋጋውን ለጠፈበት፤ ሰው ራሱ እያነሣ መውጫው ላይ አንዴ ብቻ ቆሞ ይከፍላል። ዛሬ ሱፐርማርኬት የምንለው የተወለደው ከዚህ ነው።

በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ አማዞን «ዋን ክሊክ» የሚባለውን አሠራር የባለቤትነት መብት ጠየቀበት፤ በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ተፈቀደለት። አድራሻህንና የካርድህን ቁጥር አንዴ ከሰጠኸው በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተጭነህ ትገዛለህ። አፕል በ2000 እ.ኤ.አ. ከፍሎ ፈቃዱን ተከራየ። መብቱ በ2017 እ.ኤ.አ. እስኪያበቃ ድረስ አማዞን ተጠቀመበት። አሁን ልብ በሉ፤ ይኼ ምንድን ነው? የጋሽዬ ደብተር ነው እኮ! አስቀድሞ የታወቀ ሰው ስለሆንክ ሁለተኛ አትጠየቅም።

ሌላም ልጨምር። ጃሬድ ስፑል የሚባል አሜሪካዊ የድረ ገጽ ባለሙያ በ2009 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አንድ ትልቅ ሻጭ ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት እንዲመዘገብ ያስገድድ ነበር። አዲስ ገዢዎች ተናደዱ፣ የቆዩት ደግሞ የይለፍ ቃላቸውን ረሱ። «ይመዝገቡ» የሚለውን ቁልፍ አንሥተው «ይቀጥሉ» የሚል አደረጉበት፤ መመዝገብ ግዴታ አለመሆኑንም ጻፉ። ግዢ በ45 በመቶ ጨመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ገቢ መጣ ይላል። ባይማርድ የሚባለው የዴንማርክ የምርምር ተቋም ያሰባሰባቸው ጥናቶች ደግሞ በአማካይ ከ10 ቅርጫቶች 7ቱ ሳይከፈልባቸው እንደሚቀሩ ያሳያሉ። ስለዚህ ተማሪዬ ብቻዋን አይደለችም።

እኛ አገርስ? በ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ወጣ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ተከተለ። እንደ ቻፓና አሪፍፔይ ያሉ ድርጅቶችም ትንሽ ሻጭ ሳይቀር በገጹ ላይ ክፍያ እንዲቀበልና ገንዘቡ መግባቱን ወዲያው እንዲያውቅ የሚያስችል መንገድ ከፈቱ። ማለትም ብር ማገላበጡ አብቅቷል፤ ማሽኑ ያገላብጥልሃል።

ታዲያ መሣሪያው ከመጣ በኋላ ልማዳችን ለምን አልተቀየረም? የቴሌግራም ሱቆቻችንን እዩ። ጫማው በፎቶ አለ፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ትጠይቃለህ፣ «ይደውሉ» ይሉሃል። ትደውላለህ፣ «ሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ይምጡ» ይሉሃል። ወይ ደግሞ ብር አስገባና ስክሪን ሾት ላክ። ሳንደርስ ከመቶ ዓመት በፊት ዋጋውን ዕቃው ላይ ለጥፎት ነበር፤ እኛ አሁንም እየደበቅነው ነው። መሣሪያው የቴሌብር ነው፣ መንገዱ ግን የኅብረት ሱቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር ግን አላልፍም። ማጠር ሁሉ ጥሩ አይደለም። የዱቤ ደብተሩ ስንቱን ቤት እንዳናጋ የምታውቁ አላችሁ። ሲወሰድ ይቀላል፣ ወሩ ሲያልቅ ይከብዳል። እናቴ ለዚህ ብላ የራሷ ደብተር ነበራት፤ እኔ ከሱቅ በተመለስኩ ቁጥር ትጽፋለች። ወር ሲያልቅ ሁለቱ ደብተሮች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ጋሽዬም አይከፋቸውም ነበር። አሜሪካ ውስጥም ልጆች በወላጆቻቸው ስልክ ጌም ላይ ሳያውቁት እየገዙ ስላስቸገሩ አፕል በ2014 እ.ኤ.አ. ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለወላጆች ለመመለስ ከመንግሥት ጋር ተስማምቷል። እዚያ ላይ መንገዱ ከሚገባው በላይ አጥሮ ነበር። ገዢው «ቆይ፣ እርግጠኛ ነኝ ወይ?» የሚልበት አንድ ቦታ ሊኖር ይገባል። ያ መቆሚያ የገዢው ነው፤ ሻጩ ሊወስድበት አይገባም።

በማግስቱ ጠዋት ተማሪዬን ደወልኩላት። ጎተራ ማሳለጫ አጠገብ ተገናኘንና መኪኖቹን አሳየኋት። «እይ፣ ያ መኪና ዞሮ ነው የሚሄደው። በሜትር ከለካሽው ረዝሞበታል። ግን አልቆመም። ማሳለጫ የተባለው ለዚህ ነው። አንቺም ሥራውን አትቀንሺ፣ ማቆሙን ቀንሺ። ጥንቃቄሽንም አትጣዪ፣ ከደንበኛው ፊት አንሥተሽ ከጀርባሽ አድርጊው። አንድ ሌባ ሦስት ጫማ ስለወሰደ ሺህ ሰው አታሰልፊ» አልኳት። ከዚያም፣ «ያስተማርኩሽ ግማሹን ነው፤ ቁጥጥሩ የማን ሥራ እንደሆነ ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ፤ ይቅርታ» ጨመርኩ። ሳቀች።

ወረቀቴን ይዘን አንድ በአንድ አወራን። መመዝገብ ቀረ፤ የፈለገ ከከፈለ በኋላ ይመዝገብ። የይለፍ ቃሉም አብሮ ቀረ። የማድረሻ ዋጋው ከጫማው ዋጋ ሥር ከመጀመሪያው ተጻፈ። ፖስታ ኮድ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ወጥተው «የሚታወቅ ምልክት» የሚል አንድ ቦታ ገባ፤ አዲስ አበቤ አድራሻ የሚናገረው እንደዚያ ነውና። ስክሪን ሾቱ ቀርቶ ክፍያው በራሱ የሚረጋገጥበት መንገድ ተተካ። ለዚያ የምትከፍለው ኮሚሽን አለ፤ እሱ የሷ ሸክም ነው፣ ጋሽዬ ደብተር ሲገዙ እንደከፈሉት።

ሁለት ነገር ግን አስቀረን። አንደኛው ከመክፈል በፊት ጫማው፣ ቁጥሩና ጠቅላላ ዋጋው በአንድ ላይ የሚታይበት ገጽ ነው። ሁለተኛው ስልኳ ነው። ሞተረኛው ከመነሣቱ በፊት ራሷ ደውላ፣ «የልጁ እግር እንዴት ነው? ጠባብ ከሆነ እንቀይራለን» ትላለች። የድረ ገጽ ሠራተኛው «ይኼማ ያረዝማል» ብሏት ነበር። እኔ ግን አይመስለኝም። ጋሽዬም ስኳሩን ሲጠቀልሉ «እማዬ ደህና ናት?» ይሉኝ ነበር፤ በዚያ ምክንያት ሌላ ሱቅ ሄጄ አላውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ቲቸር፣ ዛሬ ተኝቼ ሳለሁ ሁለት ሰው ከፍሎ አገኘሁ!» አለችኝ። ሁለት ሰው ብዙ አይደለም። ሰኔም ገና አልደረሰም፤ የእናቷ የዕቁብ ብርም ገና አልተመለሰም። ግን ድምጿ የዚያ ቅዳሜው ድምፅ አልነበረም።

ሱቅ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ በኢንተርኔትም ይሁን በኮንቴይነር፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ከራሳችሁ ሱቅ ግዙ። እናታችሁን ወይ አባታችሁን አስቀምጡና እንዲገዙ አድርጉ፤ እናንተ ዝም ብላችሁ ስንት ጊዜ እንደሚቆሙ ቁጠሩ። ከእያንዳንዱ መቆሚያ አጠገብም «ይኼ የማን ጥርጣሬ ነው? ማንስ ይሸከመው?» ብላችሁ ጻፉ።

ስንት እንደሆነ ከታች ንገሩኝ። የልጅነት ሱቃችሁንና የዱቤ ደብተሩን የምታስታውሱም ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።